የጣና ጀልባና አንዲት የብራስ ቱቦ

ጀልባዋ ከውኃ ወጥታ በሁለት ወፋፍራም ግንዶች ላይ ተቀምጣለች። ሞተሯ ተፈትቶ ዛፍ ጥላ ሥር ጆንያ ላይ ተጋድሟል። ባሕር ዳር፣ ጣና ዳርቻ፣ ፀሐዩ ገና ሳይበረታ ነው። በኋላ ግድግዳዋ ታችኛው ጠርዝ ላይ አውራ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ አለች፤ ከቀዳዳዋ ከንፈር ሥር የሻይ ቀለም ያለው ውኃ ጠብ ይላል። ጥቂት ቆይቶ ሌላ ጠብታ ይከተላል። ጀልባዋ ወደ የብስ ከወጣች ሰንብታለች፤ ውስጧ ተጠርጎ፣ ወለሏ ደርቆ አቧራ ይዟል። ጠብታው ግን አላቆመም።

«ይኼ ውኃ ከሆዷ የሚመጣ እንዳይመስልህ» አሉኝ ጠጋኙ። «ሆዷ ደርቋል፤ ግባና እየው። የሚንጠባጠበው ከግድግዳው ነው። ግድግዳው ስንት ክረምት ሲጠጣ ኖሯል።»

ጠጋኙ ዕድሜያቸው ስድሳን ያለፈ፣ ከጣሊያን ስም የወረሱ መሣሪያዎችን ሁሉ በየስማቸው የሚጠሩ ባለሙያ ናቸው። ስማቸው እንዲጻፍ አልፈለጉም፤ «ሥራውን ጻፍ» አሉኝ። እዚያ ዳርቻ ያለ ሰው ሁሉ ጋሼ ስለሚላቸው እኔም ጋሼ እላቸዋለሁ። አብሯቸው የሚሠራ አንድ ወጣት አለ፤ እሱ ግንዱን ያስተካክላል፣ የብርጭቆ ወረቀት ይቆርጣል፣ ጋሼ እጃቸውን ሲዘረጉ የሚፈልጉትን ዕቃ ሳይጠየቅ ያቀብላል።

የዚህ ዘገባ ጉዳይ ያቺ ቀዳዳ ናት። በአብዛኞቹ አነስተኛ የሞተር ጀልባዎች የኋላ ግድግዳ ግርጌ፣ ሞተሩ ከሚሰቀልበት በታች፣ አንድ ኢንች ወይም 25 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ያላት የውኃ ማፍሰሻ አለች። ቀዳዳዋ ውስጥ ግድግዳውን ከውስጥ እስከ ውጭ የምታቋርጥ ስስ የብራስ ቱቦ ትገባለች። የቱቦዋ ሁለት ጫፎች ወደ ውጭ ተገልብጠው ግድግዳውን በሁለቱም በኩል ቆንጥጠው ይይዛሉ። ጀልባዋ ውኃ ላይ ስትሆን ቱቦዋ በጎማ ታፖ ትዘጋለች፤ ዳር ስትወጣ ታፖው ይነቀልና በሆዷ የተጠራቀመው ውኃ ይፈስሳል። ከዚህ የቀለለ አሠራር የለም። ምንም የሚሽከረከር ነገር፣ ምንም ኤሌክትሪክ የለውም፤ ስለዚህ ማንም ልብ አይለውም።

ማፍሰሻው ለምን እንደሚያስፈልግ ለማየት አንድ የክረምት ሌሊት ይበቃል። 6 ሜትር ርዝመትና 2 ሜትር ወርድ ያላት ክፍት ጀልባ በግርድፉ 12 ካሬ ሜትር ዝናብ ትቀበላለች። 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥልባት ያደረች ጀልባ ጠዋት 600 ሊትር ውኃ ይዛ ትገኛለች፤ 600 ኪሎ ማለት ነው። የባሕር ዳር ዝናብ ደግሞ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ተጠቅልሎ የሚመጣ ነው። በእነዚህ ወራት ዳር ላይ የቆመች ጀልባ ሁሉ ውኃዋን የምታስወግደው በዚያች ቱቦ ነው፤ የዓመቱን ዝናብ ከሞላ ጎደል ቱቦዋ ትውጠዋለች።

ከጀልባዋ ጎን፣ ጥቂት እርምጃ ርቃ፣ በደንገል የተሠራች ታንኳ ለፀሐይ ተገትራ ቆማለች። ታንኳ ማፍሰሻ የላትም፤ አያስፈልጋትምም። ውኃው በደንገሉ መካከል ይገባል፣ ይወጣል፤ የሚያንሳፍፋት በደንገሉ አገዳ ውስጥ ያለው አየር ነው። ውኃ ጠጥታ ስትከብድ ባለቤቷ ጎትቶ ያወጣትና አቁሞ ያደርቃታል። ስታረጅ ሌላ ይታሠራል። በጣና ለዘመናት የዘለቀው ይህ ዕውቀት አንድ ትልቅ ነገር ይዟል፦ ውኃ የነካው ነገር መድረቅ አለበት። የፋይበር ጀልባ ወደ ሐይቁ ስትመጣ ብዙ ነገር አቀለለች፤ ነገር ግን ውኃ ውስጧ መግባቱን ትደብቃለች፣ ከገባም በኋላ አትደርቅም።

ፋይበር ጀልባ ሲባል ሁሉ ነገሯ ፋይበር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የኋላ ግድግዳዋ ግን፣ በተለይ በቆዩት ጀልባዎች ላይ፣ በውጭ ፋይበር፣ በውስጥ ፋይበር፣ መሐሉ ኮምፔንሳቶ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሞተሩ ተሰቅሎ የሚውለው እዚያ ላይ ነው፤ የ40 ፈረስ ጉልበት ሞተር እንደ ሥሪቱ ከ70 እስከ 100 ኪሎ ይመዝናል። ሙሉ ጀልባ የሚገፋው ኃይልም በዚያው ግድግዳ በኩል ያልፋል። ፋይበሩ ብቻውን ቢሆን ይለመጥ ነበር፤ እንጨቱ ነው አጠንክሮ የሚይዘው። ሁለት የፋይበር ንጣፎች እንጨቱን እስከሸፈኑት ድረስ ውኃ አያገኘውም፣ አርባና ሃምሳ ዓመትም ይኖራል። ጣጣው የሚጀምረው ሠሪው ግድግዳውን ሲበሳው ነው። ቀዳዳው የኮምፔንሳቶውን ጠርዝ ራቁቱን ያስቀረዋል፤ ራቁት ጠርዝ ደግሞ ውኃ የሚጠጣበት አፍ ነው። በዚያ ጠርዝና በውኃው መካከል ያለችው ያቺ ስስ ቱቦና ዙሪያዋን የተቀባችው ማጣበቂያ ብቻ ናት።

ስለዚህ ቱቦዋን የውኃ መውጫ አድርጎ ብቻ ማየት ግማሹን ማየት ነው። ቱቦዋ የእንጨቱ መከላከያ ናት። ስትሰነጠቅ መጀመሪያ የሚጎዳው ተሳፋሪው ሳይሆን እንጨቱ ነው፤ ተሳፋሪው የሚጎዳው ከዓመታት በኋላ፣ እንጨቱ ካለቀ ወዲያ ነው። እኔ ከዚህ ጉዳይ ሁሉ የሚያስጨንቀኝ ይህ የጊዜ ርቀት ነው። ጥፋቱና ውጤቱ ስለተራራቁ በመሐል ብዙ ሰው «ምንም አልሆነችም» እያለ ይጓዝባታል።

ጋሼ ጉልበታቸውን ሸብረክ አድርገው በካቻቪቴ እጀታ ግድግዳውን መኰርኰም ጀመሩ። ከላይ፣ ሞተሩ ከሚሰቀልበት አካባቢ፣ ድምፁ ጥርት ያለ፣ ጠንካራ ነው። ወደ ታች ሲወርዱ ይደነዝዛል። ከቀዳዳው አንድ ስንዝር ያህል ወደ ግራ ሲደርሱ ድምፁ ጨርሶ ሞተ። እዚያ ላይ በእርሳስ መስመር አሰመሩ። ወጣቱ ትራፓኖውን አቀበላቸውና በ3 ሚሊ ሜትር መርፌ ከውስጥ በኩል ከመስመሩ በላይ በሱ፤ የወጣው ፍርፋሪ ነጣ ያለ፣ ደረቅ፣ የእንጨት ሽታ ያለው ነበር። ከመስመሩ በታች ሲበሱ የወጣው ግን ጥቁርና እርጥብ ነው፤ በጣት ሲጨመቅ ውኃ ይተፋል፣ ሽታውም ያረጀ ጓዳ ሽታ ነው። ጋሼ ፍርፋሪውን መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ጣቴ መሐል ሟሟ።

እንጨት ውኃ ነካው ብሎ ወዲያው አይበሰብስም። የሚያበሰብሰው ፈንገስ ነው፤ ፈንገስ ደግሞ እርጥበት፣ አየርና ሙቀት ሦስቱንም ይፈልጋል። የእንጨቱ እርጥበት ከደረቅ ክብደቱ 20 በመቶ በታች እስከሆነ ድረስ ፈንገሱ አይነሣም፤ 30 በመቶ ገደማ ደርሶ እንጨቱ ሲጠግብ ግን ሥራውን ይጀምራል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነገር አለ። ጣና ጨው አልባ በመሆኑ ለብረት ከባሕር ይልቅ ይራራል፤ ለእንጨት ግን ይከፋል። ጨው የፈንገሱን እድገት ይገታል። በ19ኛው መቶ ዘመን አሜሪካውያን መርከብ ሠሪዎች ይህን ስለሚያውቁ በእንጨት መርከቦቻቸው የጎድን አጥንቶች መካከል ጨው ይሞሉ ነበር። ቀይ ባሕር ላይ የምትሠራ ጀልባ ግድግዳዋን የሚበላው ፈንገስ በጨው ይዘገያል፤ የጣና ጀልባ ግን የሚገባት የዝናብና የሐይቅ ውኃ ነው፣ ምንም የሚከለክለው የለም። «ጣና ጨው የለውም፣ ዕቃ አይበላም» የሚለውን አባባል ከአንድ በላይ ከሆነ የጀልባ ባለቤት ሰምቻለሁ። ለሞተር እውነት ነው። ለኋላ ግድግዳ ግን ስህተት ነው።

ቱቦዋስ እንዴት ትበላለች? ብራስ መዳብና ዚንክ ተቀልጠው የተዋሐዱበት ብረት ነው፤ በርካሹ ብራስ ውስጥ ዚንኩ ወደ 40 በመቶ ይጠጋል። ሁልጊዜ እርጥብ በሆነ ቦታ ውኃው ዚንኩን ቀስ በቀስ እየለቀመ ያወጣዋል፤ መዳቡ ብቻውን ይቀራል፣ ግን ጠጣር መዳብ ሆኖ ሳይሆን በጥቃቅን ቀዳዳ የተሞላ፣ የሚፈረፈር ነገር ሆኖ ነው። ቅርጹ እንዳለ ስለሆነ ለዓይን ሙሉ ቱቦ ይመስላል። የሚያሳብቀው ቀለሙ ነው፤ ቢጫው ወደ ሮዝ ሲለወጥ ዚንኩ ሄዷል ማለት ነው። በጨው ውኃ ይህ ፈጥኖ ይሆናል፤ በጣና ቀስ ይላል፣ ነገር ግን የቱቦዋ ግድግዳ ውፍረት አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ወይም ከዚያም ያነሰ ስለሆነ ብዙ መብላት አያስፈልገውም። ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚሰነጠቀው የተገለበጠው ከንፈር ነው፤ ሲገለበጥ ብረቱ ተለጥጦ ስለሳሳ፣ ታፖው ሲገባና ሲወጣም የሚታገለው እሱን ስለሆነ። በብራስ ፋንታ ፕላስቲክ የገባባቸው ጀልባዎችም አሉ። ፕላስቲክ አይዝግም፤ ጣና ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው፣ እንዲህ ባለ ከፍታ ላይ የፀሐይ ጨረሩ ይበረታል፤ ለፀሐይ የተጋለጠ ተራ ፕላስቲክ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ይነጣል፣ ከዚያ በአንድ ምት ይሰነጠቃል።

አደገኛነቱን ለመረዳት አንድ ሒሳብ እንሥራ። ሰው የጫነች ጀልባ ማፍሰሻዋ ከውኃው ገጽ በታች 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢሆንና ታፖው ከነቱቦው ቢወጣ፣ በ25 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ የሚገባው ውኃ በደቂቃ 40 ሊትር ገደማ ነው። በየደቂቃው ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን። በሰዓት ከ2 ቶን በላይ። አንድ ብርቱ ሰው በባልዲ ሊቋቋመው ይችላል፤ ግን ካወቀ ነው፣ ካልደከመ ነው፣ ወለሉ ሥር የሚጠራቀመውን ውኃ ካየው ነው።

ማየቱ ደግሞ ቀላል አይደለም። ጀልባ በፍጥነት ስትሄድ ከኋላዋ ያለው ውኃ ወደ ኋላ ስለሚሸሽ የማፍሰሻዋ ቀዳዳ አየር ላይ ትቀራለች፤ ውኃ መግባቱ ቀርቶ በሆዷ ያለው ውኃ እንዲያውም ወደ ውጭ ይሳባል። በብዙ አገር ጀልባ ነጂዎች ይህን አውቀው እየሄዱ ታፖ ነቅለው ውኃ ያስወጣሉ። ስለዚህ የተሰነጠቀች ቱቦ ሞተሩ እስከሠራ ድረስ ራሷን ትደብቃለች። የምትገለጠው ሞተሩ ሲጠፋ ነው፤ ያም የሚሆነው መሐል ሐይቅ ላይ ነዳጅ ሲያልቅ፣ ወይም ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነሥቶ ነጂው ፍጥነት ሲቀንስ ነው። ጣና ሰፊ ነው፣ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይሸፍናል፤ ጥልቀቱ ግን በጥልቁ ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውኃ ላይ ነፋስ የሚያነሣው ማዕበል አጭርና ቀጥ ያለ ነው፤ ጀልባን እያከታተለ ይመታል። እንዲህ ያለ ከሰዓት ላይ፣ ከዘጌ ወይም ከደቅ ደሴት ስትመለስ፣ ሁለት ችግር በአንድ ጊዜ ይመጣል። አንደኛው የመጣው ግን ከዓመታት በፊት ነው።

የጋሼ ሥራ የተጀመረው በመንቀል ነው። የተሰነጠቀውን ከንፈር ከውስጥ በኩል በመሮ እየቆረጡ አነሡት። ከዚያ የቱቦዋን ግድግዳ ወደ መሐሏ አጠፍ አድርገው በፒንሳ ሳቧት፤ ሳትታገል ወጣች። በእሳት አሙቆ መንቀል እንደሚቻል ወጣቱ ሲጠቅስ ጋሼ እጃቸውን አወዛወዙ። እሳት ሬዚኑን ያቃጥለዋል፣ ደህናውንም ፋይበር ከእንጨቱ ያላቅቀዋል። ቱቦዋ ግማሽ ጎኗ ሮዝ ሆኗል። ዙሪያዋን አንድ ሰው ከዚህ በፊት ሲሊኮን ለቅልቆባት ነበር፤ ሲሊኮኑ እንደ ቆዳ ተገፎ በእጃችን መጣ፣ ከሥሩ ጥቁር ውኃ ቋጥሯል።

«ይኼን ያረገው ሰው ጠላት አልነበረም» አሉ ጋሼ። «ውኃ ይወጣል ብለው ነገሩት፣ የሚወጣበትን ደፈነ። ውኃው ግን በሌላ በኩል ይገባ ነበር፤ መውጫ አሳጣው።»

ይህ ነው የሚያንገበግበኝ። ከየመንገዱ ዳር የሚገዛ አንድ ቱቦ ሲሊኮን ይህችን ጀልባ የብዙ ክረምት ዕድሜ አሳጥቷታል። ሲሊኮን ለመስኮት መስታወት መልካም ነው። ከውኃ መስመር በታች ግን ፋይበርን አጥብቆ አይይዝም፤ ከዚያም የከፋው ስስ ቅባት ጥሎ ስለሚሄድ በኋላ የሚመጣው ኢፖክሲም፣ ቀለምም፣ ሌላ ማጣበቂያም እዚያ ቦታ ላይ አይጣበቅም። የጋሼና የወጣቱ የግማሽ ቀን ድካም ይህን ቅባት መፋቅ ነበር፤ በመላጫ ስለት፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት፣ በመጨረሻ በአሴቶን በተነከረ ንጹሕ ጨርቅ፣ ጨርቁን በየጊዜው እየቀየሩ።

ከዚያ መቆፈር መጣ። ወጣቱ አንድ ወፍራም ምስማር ጫፉን አጥፎ ትራፓኖው ላይ አሰረውና በቀዳዳዋ አስገብቶ በዝግታ አዞረው። የተጠማዘዘው ጫፍ በሁለቱ ፋይበሮች መካከል ያለውን የበሰበሰ እንጨት እየቧጨረ አወጣው፤ ፋይበሩን ግን አልነካውም። ጥቁር ጭቃ የመሰለ ነገር በእፍኝ ወጣ። ምስማሩ ደረቅና ጠንካራ እንጨት ሲያገኝ ድምፁ ተለወጠ፤ እዚያ ላይ አቆመ። ቀዳዳዋ በውጭ እንደ ነበረች አንድ ኢንች ናት፤ በውስጧ ግን ከግራ እስከ ቀኝ ስንዝር ከግማሽ የሚሆን ባዶ ዋሻ ተከፍቷል። ያን ዋሻ በባትሪ ብርሃን አጎንብሶ ያየ ሰው ሞተሩ በምን ተሰቅሎ ይሄድ እንደ ነበር መገረሙ አይቀርም።

ማድረቁ ከሁሉም በላይ ትዕግሥት የሚጠይቀው ክፍል ነው፤ አብዛኛው ጥገና የሚበላሸውም እዚህ ነው። ባለቤቱ ሥራ ይጠብቀዋል፣ ገና ለገና ጥምቀት ቀርቧል፣ እንግዳ ይመጣል። ጋሼ ግን ዋሻውን ክፍት ትተው አንድ አምፑል በሩቁ አበሩበት፣ ማራገቢያም አቆሙበት፤ ጀልባዋን ከፊት ከፍ አድርገው ስላስቀመጧት የቀረው ውኃ በራሱ ወደ ኋላ ይወርዳል። መድረቁን የሚያውቁት በቀን ቆጠራ አይደለም። አዲስ ጥቃቅን ቀዳዳ በስተው ፍርፋሪውን ያያሉ፤ ነጥቶ፣ ተበትኖ፣ ጣት ላይ ሳይጣበቅ ሲቀር ያን ጊዜ ይቀጥላሉ። ባለቤቱ ሁለት ጊዜ እየመጣ ጠየቀ። ሁለቱንም ጊዜ መልሳቸው አንድ ነበር፦ «እርጥብ እንጨት ላይ የተለጠፈ ነገር፣ የተለጠፈው ለኔ ገንዘብ ነው እንጂ ላንተ ጀልባ አይደለም።»

ስለ ሬዚኑ ምርጫ ትንሽ ማለት ይገባል። በየከተማችን በቀላሉ የሚገኘው የመኪና ካሮሴሪያና የውኃ ታንከር ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ፖሊስተር ነው። ርካሽ ነው፣ በፍጥነት ይደርቃል። ጀልባዋ ራሷ በመጀመሪያ የተሠራችው በእሱ ነው። ሆኖም አዲስ ሆኖ ሲፈስስና በደረቀ አሮጌ ሥራ ላይ ሲለጠፍ አንድ አይደለም፤ ፖሊስተር በአሮጌ ፋይበርና በእንጨት ላይ ሲለጠፍ ይላቀቃል፣ ሲደርቅም ይኮማተራል። ኢፖክሲ ይወደዳል፣ በየሱቁም አይገኝም፤ ግን እንጨቱንም አሮጌውን ፋይበርም አጥብቆ ይይዛል፣ ውኃም ያሳልፋል ተብሎ የሚፈራ አይደለም። ለበር ወይም ለመከላከያ ጌጥ ቢሆን ፖሊስተሩ ይብቃ እል ነበር። ለዚህ ቦታ አልልም።

ጋሼ የውጩን ቀዳዳ በወፍራም ፕላስተር ዘጉና መጀመሪያ ቀጭን ኢፖክሲ በብሩሽና በመርፌ ወደ ዋሻው ውስጥ አስገቡ። ደረቁ እንጨት ጠጣው። እንደገና ጨመሩ፣ እንደገና ጠጣው። ሲጠግብ፣ ገና ሳይደርቅ፣ ኢፖክሲውን በደቃቅ የሲሊካ ዱቄትና በተፈጨ ፋይበር አወፍረው ስቱኮ አስመስለው መሙላት ጀመሩ። በአንድ ጊዜ አልሞሉትም። ኢፖክሲ ሲጠነክር ሙቀት ያወጣል፤ ብዙ ከሆነ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ይፈላል፣ ይጨሳል፣ ከዚያም ይሰነጠቃል። ሁለት ሴንቲ ሜትር የማይሞላ ንብርብር እያስገቡ፣ ጀርባውን በእጃቸው እየዳሰሱ፣ ሙቀቱ ሲበርድ ቀጣዩን ይጨምራሉ። ሁለቱ ፈሳሾች የሚቀላቀሉበት መጠን በሠሪው ከተጻፈው ውልፍት አይልም፤ በፖሊስተር ላይ ማድረቂያ ትንሽ ጨምሮ ማፍጠን ይቻላል፣ ኢፖክሲ ላይ ማድረቂያ ማብዛት ግን ሥራውን ለስላሳ አድርጎ ያስቀረዋል። ወጣቱ የሚለካው በሁለት መርፌዎች ነው፤ አንዱ ላይ ቀይ ክር ታስሯል፣ እንዳይለዋወጡ።

ሁሉም ከጠነከረ በኋላ ያ ዋሻ ድፍን ሆነ። ከዚያ ነው ጋሼ አዲሱን ቀዳዳ በድፍኑ መሐል የበሱት። እዚህ ላይ የጥገናው ፍሬ ነገር አለ፤ የበሱት ኢፖክሲውን ነው፣ እንጨቱን አልነኩትም። ቀዳዳዋን ዙሪያዋን ከአንድ ሴንቲ ሜትር የማያንስ የኢፖክሲ ቀለበት ከቧታል። ነገ አዲሷ ቱቦ ብትሰነጠቅ እንኳ የሚገባው ውኃ ኢፖክሲ ያገኛል፣ እንጨት አያገኝም። ጀልባዋ ስትሠራ ይህ ቀለበት ቢኖር ኖሮ ከዚህ ሁሉ ድካም የትኛውም አይመጣም ነበር። ለፋብሪካው የአንድ ሰዓት ሥራ ነበር። አሮጌ ጀልባ ሲጠገን ወደ ነበረችበት መመለስ ብቻ ሳይሆን ሲጀመር የጎደለውን መሙላትም ይቻላል፤ ጋሼ የሚኮሩበት ሥራም ይኼው ነው።

አዲሷ ቱቦ ከዚያው ከተማ ቶርኖ ቤት የመጣች ናት፤ ከአሮጌዋ ጥቂት የወፈረች፣ ዚንኳ ያነሰ። ብሮንዝ ቢገኝ ይሻል ነበር፤ መዳብና ቆርቆሮ የሚበዛበት ስለሆነ ውኃ ከውስጡ የሚለቅመው ነገር ጥቂት ነው። ጋሼ የቱቦዋን ጫፎች በችቦ እሳት አጋሙ፤ ፈዛዛ ቀይ እስክትመስል፣ ከዚያ ውኃ ውስጥ ጨመሯት። ብረት ሲግልና በውኃ ሲነከር ይጠነክራል ብለን የምናስብ ሰዎች እንገረማለን፤ መዳብ ያለበት ብረት ግን በተቃራኒው ይለሰልሳል። ለስላሳ ጫፍ ሳይሰነጠቅ ይገለበጣል። ይህን የምታደርገው ቱቦዋ ጀልባው ውስጥ ከመግባቷ በፊት ነው።

የመገልበጫ መሣሪያቸው እዚያው ያሠሩት ነው። አንድ ረጅም ቡሎን፣ በቶርኖ የተቀረጹ ሁለት ሾጣጣ ብረቶች፣ አንድ ዳዶ። ቱቦዋን ፖሊዩሪቴን ማጣበቂያ ቀብተው አስገቧት፤ ቀዳዳውንም ውስጡን ቀቡ፣ ማጣበቂያው በሁለቱም በኩል ዙሪያውን እስኪተፋ። ቡሎኑ በቱቦዋ ውስጥ አለፈ፣ ሾጣጣዎቹ በሁለቱ አፎች ገቡ፤ ጋሼ ዳዶውን በቁልፍ ቀስ እያሉ ሲያጠብቁት ሁለቱም ከንፈሮች በአንድ ጊዜ እየተከፈቱ ወደ ግድግዳው ተኙ። መዶሻ አላነሡም። የመጨረሻውን ዙር በጣታቸው ኃይል ብቻ አጠበቁ፤ ማጣበቂያው ጨርሶ ተጨምቆ እንዳያልቅ ይጠነቀቃሉ። ትንሽ ውፍረት ያለው ማጣበቂያ ግድግዳው ሲንቀጠቀጥ አብሮ ይለጠጣል፤ ፈጽሞ የተጨመቀ ግን ይላቀቃል። የፈሰሰውን በጨርቅ ጠርገው ትተውት ሄዱ። ፖሊዩሪቴን የሚደርቀው ከአየር እርጥበት ወስዶ ነው፤ በበጋው ደረቅ አየር ጊዜ ይፈልጋል።

ፍተሻው የተደረገው ገና የብስ ላይ ነው። ብዙ ሰው ጀልባውን ወደ ውኃ አስገብቶ ይፈትሻል፤ ጋሼ ውኃውን ወደ ጀልባው ያስገባሉ። ግንዶቹን በተጨማሪ ድጋፍ አጠናክረው (ውኃው ይከብዳልና) ታፖውን ዘግተው ከኋላ በኩል ስንዝር ያህል ውኃ ሞሉ። በውጭ በኩል ቱቦዋን ዙሪያዋን ደቃቅ አመድ ነሰነሱባት። አመድ ጠብታ ብቻ ሳይሆን ወዙን እንኳ ያሳያል፤ እርጥበት የነካው ቦታ ወዲያው ይጠቁራል። ሌሊቱን አደረ። ጠዋት አመዱ እንደ ነጣ ነበር።

በትልልቅ ጀልባዎችና በያቶች ዓለም ከውኃ መስመር በታች ለሚበሳ ቀዳዳ ሁሉ ደረጃ ወጥቶለታል። የአሜሪካ የጀልባና የያት ምክር ቤት ደረጃ ከውኃ መስመር በታች የሚገጠም የውኃ ቫልቭ በውስጠኛው ጫፉ 227 ኪሎ የሚሆን ጫና ለ30 ሰከንድ ተሸክሞ ሳይሰበርና ሳያፈስስ መቆም አለበት ይላል። ብርቱ ሰው ሳያስብ ቢረግጠው ወይም ከባድ ዕቃ ቢወድቅበት እንዲችል ነው። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ አይ ኤስ ኦ 9093 ዝገትን ይቋቋማል የተባለ ዕቃ ለ5 ዓመት አገልግሎት ሳይበላሽ መቆየቱን ብቻ ነበር የጠየቀው። 5 ዓመት! በአውሮፓ ብዙ ባለሙያዎች ሲቃወሙት የኖሩት ለዚህ ነው፤ ሃያ ዓመት የምትኖር ጀልባ ላይ በአምስት ዓመት የምትፈተን ብራስ መግጠም የሚፈቀድ ሆኖ ነበርና። ሌላ አገር አገልግላ ወደ እኛ የምትመጣ ጀልባ ደግሞ ያ አምስት ዓመት ካለፋት የሰነበተች ልትሆን ትችላለች።

ስለዚህ ለጣና፣ ለዝዋይ፣ ለሐዋሳ፣ ለዓባያና ለጫሞ ጀልባ ባለቤቶች፣ ለማኅበራቸውም ይህን እላለሁ። በየዓመቱ ክረምቱ ሳይገባ ጀልባችሁን አውጡ። የማፍሰሻውን ቱቦ እዩ፤ ቀለሟ ሮዝ ከሆነ፣ ከንፈሯ ከተሰነጠቀ፣ ዙሪያዋን ሲሊኮን ካለባት ንቀሏት። ግድግዳውን በካቻቪቴ እጀታ ኰርኵሙ፤ ድምፁ ከሞተ ባለሙያ ጥሩ። ከተነቀለ በኋላ እንጨቱ ሳይደርቅ እንዲደፈን አትፍቀዱ፤ ጥገናው ሲቆይ ጠጋኙን አታጣድፉት። ከታፖው ጋር ሌላ ትርፍ ታፖ፣ ከእሱም ጋር ከለስላሳ እንጨት የተቀረጸ ሾጣጣ መድፈኛ ገመድ አስራችሁ ከኋላ በኩል አኑሩ። ለፍተሻ የተመደባችሁ ባለሙያዎችም ሕይወት አድን ጃኬት ስትቆጥሩ ጎንበስ ብላችሁ ያቺን ቀዳዳ እዩ። ወደ ጣና ገዳማት የምትሻገሩ ተሳፋሪዎች ደግሞ ከመሳፈራችሁ በፊት ነጂውን «ታፖው ተዘግቷል? ትርፍ አለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ደህና ነጂ በዚህ ጥያቄ አይቆጣም።